ተገልብጦ የተሰፋ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ቤት፣
ሥራዬ እንከን ፍለጋ ነበር፣ በፈረቃ፣ ቀንም ሌሊት።
ነጩ አቡጀዴ በመብራቱ ገበታ ላይ ሲፈስ
ዓይኔ የዘለለውን ጣቴ ነበር የሚመልስ፤
የተበጠሰች ክር፣ የማሽን ዘይት ጠብታ፣
በሰማያዊ ጠመኔ ከብቤ፣ ላንዳፍታ፣
አልፌው እሄዳለሁ።
ለጨርቅ ማን ያዝናል?

ዘንድሮ ገበታው ላይ የተዘረጋሁት እኔ ነኝ።
አዲስ አበባ፣ ከጨረሩ ማሽን ሥር፣ ክንዴን ወደ ላይ አንስቼ፣
አንድ ልጅ እግር ባለሙያ በእስክሪብቶ ደረቴን አሰመረብኝ፤
«እናቴ፣ ይቺ መስመር እንዳትለቅ፣ በሳሙና እንዳትነኪያት» አለኝ።
ሳቄ መጣ።
ባልደረባዬ ልበልህ እንዴ፣ አልኩት በሆዴ፣
እንከኔን አግኝተህ ከበብከው፣ ልክ እንደ ልማዴ።

አሥራ አምስት ቀን አበራብኝ። አያቃጥልም፣ አያምም፤
ሩቅ እንዳለ ማሽን እዝዝ ይላል፣ ሌላ የለም።
«ጨረስሽ» ተባልኩና ወረድኩ ወደ ቤቴ።
እኔ ጨረስኩ እንጂ እሳቱ ገና መንገድ ላይ ነበር፤
በዐሥረኛው ቀን ደረሰ፣ ከብብቴ።

በኔ ዓይነት ገላ ላይ ቅላት አይጎላም፣ ይጠቁራል፤
የተረሳ ካውያ ያረፈበት ሻሽ ይመስላል።
ከዚያ ጠርዙ ይላጣል፣ ይረጥባል።
የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ላብ ነው፣ ላብ ጨው ነው፣
ጨው ቁስል ላይ ምን እንደሚል
እኔ አልናገርም።

እህቴ ዘይነባ ደወለች፦ «አብሽሪ፣ ነይ ውጪ ደሴ፣
ጉሙ ይሻልሻል።»
ሐረጎን ስንወጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣
የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጄ ወጥሬ ከደረቴ አርቄ ያዝኩት።
ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። ምንም አላለኝ።
በየመታጠፊያው ግን ቀስ አለልኝ።

ሙጋድ፣ ዘይነባ ቤት፣ የጎረቤት እጅ ባዶውን አይመጣም፤
እትዬ ሽታዬ ለጋ ቅቤ፣ ሐጂ ይማም ማር፣
አንዷ እሬት ቆርጣ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣
«ይኼን ቀቢው፣ ነገ ታመሰግኚኛለሽ!»
እህቴ ሁሉንም በምርቃት ተቀበለች፤
ቅቤውን ወጥ ላይ፣ ማሩን ለልጆች፣ እሬቱን አጥር ሥር ተከለች።
ለኔ ነርሷ በወረቀት የጻፈችልኝን ብቻ፦
ሽታ የሌለው ቅባት፣ በስሱ፤
ለብ ያለ ውኃ፣ በመዳፍ ማፍሰስ እንጂ ማሸት የለም፤
ፎጣውን ማሳረፍ እንጂ መጎተት የለም።
ዘይነባ እንዲህ ጥንቁቅ ናት ብዬ አላውቅም ነበር፤
በልጅነቷ ስንት ብርጭቆ ሰብራለች!

የጡት መያዣ ቀረ። ሸሚዙ ግን አልቻለኝም፤
ናይሎኑ እሳት፣ የስፌቱ መስመር ምላጭ።
ከኮምቦልቻ ይዤው የመጣሁ አንድ አሮጌ አንሶላ ነበር፣
እንከን አለበት ተብሎ ለሠራተኛ በርካሽ የተሸጠ፣
ራሴው በጠመኔ ከብቤ የጣልኩት ጥጥ፤
ስንት ዓመት ታጥቦ ታጥቦ
እንደ ሕፃን ጆሮ የለሰለሰ።

ጋሽ አበጋዝ፣ ፒያሳ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፦
«ስፌቱ ወደ ውጭ? እጅጌው ልቅ?
ሰው ሲያይሽ አበጋዝ ጃጀ ይላል እኮ!»
«ይበል» አልኩት።
ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ቁልፉን በጨርቅ ማሰሪያ ለወጠው፣
ይኼን እኔ አላዘዝኩትም።

ሰኞ ገበያ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ
«እህቴ፣ ልብስሽ ተገልብጧል» አለችኝ በጆሮዬ።
«አውቃለሁ» አልኳት፣ «በዚህ በኩል ነው የሚመቸኝ።»
ወዲያው ጉሙ ከጦሳ ተገፈፈ፣ ፀሐይ ወጣች፤
ደሴ በሙሉ ሊሞቅ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሲሻገር
እኔ ሻሼን ወደ አንገቴ ሳብ አድርጌ
ብቻዬን ወደ ጥላው።